ከማድቤት እስከ ሰማዕ፦ የኮንያ ደርቪሾች

ረጅም ቆብ ደፍተው፣ ሰፊ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚሽከረከሩትን ደርቪሾች በፎቶግራፍ ወይም በቴሌቪዥን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ቱርክን የሚያስተዋውቁ ፊልሞች አይለዩአቸውም፤ በኢስታንቡል ገበያም በሰሐንና በቁልፍ መያዣ ላይ ተሥለው ይሸጣሉ። አንዱ ተመልካች የሚያየውን ጭፈራ ይለዋል፤ ሌላው ራስን የመሳት ስልት አድርጎ ይወስደዋል። ሁለቱም ነገሩን ከጫፉ ነው የያዙት። ሽክርክሪቱ የአንድ ትልቅ የትምህርት ሥርዓት የመጨረሻ ፍሬ ነው፤ ትምህርቱም የሚጀመረው ማድቤት ውስጥ ነበር።

ሱፊነት በእስልምና ውስጥ ልብን ማጥራትንና ወደ ፈጣሪ መቅረብን የሚያስቀድም መንገድ ነው። የመንገዱ ተጓዦች በሸይኽ መሪነት ጠሪቃ በሚባል ማኅበር ይሰባሰባሉ። ቃዲሪያ፣ ሳማኒያና ቲጃኒያ ለአገራችን ሙስሊሞች የታወቁ ጠሪቃዎች ናቸው። በቱርኳ የኮንያ ከተማ የተመሠረተው ደግሞ መውለዊያ ይባላል፤ ራሱን ለዚህ መንገድ የሰጠ ሰው ደርቪሽ ነው። እኛ ዘንድ ስሙ ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ ድርቡሽ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት የመተማ ጦርነት ነው። የሱዳኑ መህዲ ሙሐመድ አሕመድ በሳማኒያ ጠሪቃ ያደገ ሰው ነበር፤ ተከታዮቹን ግን ደርቪሽ መባል ከልክሎ አንሳር ብሏቸዋል። የኮንያዎቹን ደርቪሾች ከዚያ ጦር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

የመውለዊያ መነሻ መውላና ጀላሉዲን ሩሚ ናቸው። በ1207 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በአፍጋኒስታንና በታጂኪስታን መካከል በተከፈለው በባልኽ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በሃኡዲን ወለድ የታወቁ ሰባኪ ነበሩ። ቤተሰቡ ከሞንጎሎች ወረራ በፊት አገሩን ለቆ ከብዙ ስደት በኋላ አናቶሊያ ገባ፤ በ1228 ገደማም የሴልጁቅ ሡልጣኖች መናገሻ በነበረችው በኮንያ ከተማ ተቀመጠ። አባታቸው ሲያርፉ ሩሚ ወንበሩን ወረሱ፤ ተማሪ የከበባቸው፣ ሕዝብ የሚያከብራቸው ዓሊም ሆኑ።

በ1244 የተብሪዙ ሸምስ የሚባሉ ተንከራታች ደርቪሽ ኮንያ ደረሱና የሩሚ ሕይወት ተለወጠ። ሁለቱ በር ዘግተው ሲነጋገሩ ይውሉ፣ ያድሩ ጀመር። መምህራቸው የተወሰደባቸው ደቀ መዛሙርት አጉረመረሙ፤ ሸምስም አንዴ ሄደው ተመለሱ፣ በ1247 ወይም በ1248 ግን ለዘለቄታው ጠፉ። ከዚያ ሐዘን በሸምስ ስም የተሰየመው ትልቁ የግጥም ድርሳን ወጣ። ኋላም ሁሳሙዲን ቸለቢ የሚባሉት ደቀ መዝሙራቸው እየጻፉ ሩሚ በቃል ያወረዱት «መስነዊ» መጣ፤ 6 መጻሕፍት፣ 25,000 ያህል ጥንድ ስንኞች አሉት፤ ቋንቋው ፋርስኛ ነው። ሥራው የሚከፈተው ከበቀለበት ረግረግ ተቆርጦ ስለ መለየቱ በሚያለቅስ ሸምበቆ ድምፅ ነው። የሸምበቆ ዋሽንት የመውለዊያ ምልክት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሩሚ ዲሴምበር 17 ቀን 1273 አረፉ። አፍላኪ የሚባለው የጠሪቃው ታሪክ ጸሐፊ እንደዘገበው፣ ከሙስሊሙ ጋር የኮንያ ክርስቲያኖችና አይሁድም ቀብራቸው ላይ አልቅሰዋል። ደርቪሾቹ ግን ሌሊቱን የሐዘን ሳይሆን የሰርግ ሌሊት ብለው ሰየሙት፤ ነፍስ ወደምትወደው የሄደችበት ነውና። እስከ ዛሬም በየዓመቱ በዚያው ቀን ይከበራል። ጠሪቃውን በሥርዓት ያደራጁት ልጃቸው ሡልጣን ወለድ ናቸው፤ ሰማዕ የሚባለው የሽክርክሪት ጸሎት ሥርዓት ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ደግሞ በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። በኦቶማን ዘመን ተኬ የሚባሉት የደርቪሾች ማደሪያና መማሪያ ቤቶች ከባልካን እስከ ካይሮ፣ ደማስቆና ኢየሩሳሌም ድረስ ተስፋፉ።

በዚያ ዘመን መውለዊያ መሆን የፈለገ ወጣት ተኬው ሲደርስ መጽሐፍም ዋሽንትም አይሰጠውም ነበር። ማድቤቱ በር አጠገብ በተነጠፈች የበግ አጎዛ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ሥራ አይሠራም፣ የሌሎችን ሥራ ያያል። ያየው ከከበደው መሄድ ይችላል። ከጸና 1,001 ቀን አገልግሎት ይጀምራል። የአገልግሎቱ ዓይነት 18 ነው፤ ቁጥሩንም ትውፊቱ ሩሚ በእጃቸው ጽፈዋቸዋል ከሚባሉት ከመጀመሪያዎቹ 18 የመስነዊ ጥንድ ስንኞች ጋር ያገናኘዋል። ዕቃ ማጠብ፣ መጥረግ፣ ገበያ መውጣት፣ ማዕድ መዘርጋት፣ መብራት ማብራት፣ ቡና ማፍላት፣ ሽንት ቤት ማጽዳት ሁሉ አለበት። የሥልጠናው ኃላፊ የማድቤቱ አለቃ ነው። ያለ ፈቃድ ከተኬው ውጭ ያደረ ሰው ቀኑን ከአንድ ይጀምራል። የማይሆን ሆኖ የተገኘ ደግሞ አይሰደብም፣ አይገፈተርም፤ ጠዋት ሲነሣ ጫማው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ያገኘዋል፤ ነገሩ ገብቶት ይሄዳል።

ለመሆኑ ለምን ማድቤት? በመውለዊያ አስተሳሰብ ጥሬውን የሚያበስለው እሳት ሰውንም ያበስላል። አተሽባዝ ወሊ ተብለው የሚታወቁት የሩሚ ወጥ ሠሪ ኮንያ ውስጥ የራሳቸው የመቃብር ጉልላት አላቸው፤ ዛሬም ጎብኚዎች ለበረከት ከዚያ ጨው ይወስዳሉ። በማዕድ ዙሪያ ያለው ሥርዓትም ትምህርት ነበር። ጨው በመቅመስ ተጀምሮ በጨው ያልቃል፤ ወሬ የለም። አንዱ ውኃ ሲጠጣ ሌሎቹ መብላት ያቆማሉ፤ ውኃ በጠጣበት ቅጽበት ከወንድሙ በአንድ ጉርሻ እንኳ እንዳይቀደም። ሁለት ደርቪሾች ሲገናኙ እኩል ጎንበስ ብለው አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል፤ ታላቅም ታናሽም ይህን አያስቀርም። ወሎ ወይም ሐረር ያደገ አንባቢ ይህን ሰላምታ ከአባቶቹ ያውቀዋል።

ሰማዕ የሚለመደውም እዚያው ማድቤት ውስጥ ነበር። አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ጣውላ መካከል ራሱ የለሰለሰ ምስማር ይተከላል፤ በላዩ ጨው ይነሰነሳል። ተማሪው ምስማሩን በግራ እግሩ አውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ይይዝና በቀኝ እግሩ እየገፋ ወደ ግራ፣ በልቡ በኩል ይዞራል። ግራ እግር ምሰሶ ነው፤ ከመሬት አይነሣም። ቀኝ እግር መንኮራኩር ነው። በእያንዳንዱ ዙር የአላህን ስም በልቡ ይጠራል። ራሱን እንዲስት ሳይሆን ራሱን እንዲገዛ ነው የሚሠለጥነው፤ በርካታ ሰዎች በጠበበ ክብ ውስጥ ቀሚሳቸውን ነፍተው ሲዞሩ አንዱ ከሌላው አለመጋጨቱ የዚህ ማስረጃ ነው።

የሥርዓቱ ልብስ ሞትን ያስታውሳል። ከግመል ጸጉር ተጠቅጥቆ የተሠራው ረጅሙ ቆብ የመቃብር ድንጋይ፣ ነጩ ቀሚስ ከፈን፣ ጥቁሩ ካባ መቃብር ነው። በመጀመሪያ ለነቢዩ ሙሐመድ ውዳሴ ይዜማል፤ ከዚያ ኩዱም የሚባሉት ጥንድ ትናንሽ ነጋሪቶች ይመታሉ፤ ምቱ ፈጣሪ «ሁን» ያለበት ትእዛዝ ነው። የሸምበቆ ዋሽንቱ ሲነፋ ሕይወት የዘራው እስትንፋስ ይታሰባል። ደርቪሾቹ ሸይኹን ተከትለው አዳራሹን ሦስት ጊዜ በእርጋታ ይዞራሉ፤ ከዚያም ካባቸውን ይጥላሉ፤ ከመቃብር ወጡ ማለት ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሸይኹን ይሳለማሉ፤ ቀጥሎ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ። ቀኝ መዳፍ ወደ ሰማይ፣ ግራው ወደ ምድር ነው፤ ከላይ የተቀበሉትን ለራሳቸው ሳያስቀሩ ወደ ታች ያስተላልፋሉ።

ሰማዑ «ሰላም» የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ሰው የፈጣሪ ባሪያ መሆኑን ያውቃል። በሁለተኛው በፈጣሪ ታላቅነት ይደነቃል። በሦስተኛው መደነቁ ፍቅር ሆኖ ራሱን ያስረክባል፤ ዜማውም የሚፋጠነው እዚህ ነው። ነገሩ በዚህ ከፍታ ቢያበቃ ብዙዎቻችን አይገርመንም ነበር። መውለዊያዎች ግን አራተኛውን ጨመሩ፦ ሰው ከዚያ ከፍታ ወርዶ ወደ አገልግሎቱ ይመለሳል። ሸይኹም ካባውን ሳያወልቅ ገብቶ ቀስ ብሎ የሚዞረው በዚህ ክፍል ነው። በማድቤት የተጀመረው ትምህርት ትርጉሙን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣው ጥበብ ብዙ ነው። በሰማዑ መክፈቻ የሚሰማውን የውዳሴ ዜማ የደረሰው የ17ኛው መቶ ዓመት ታላቅ ሙዚቀኛ ኢትሪ ነው። ኢስማኢል ደደ ኤፈንዲ (1778–1846) በኢስታንቡሉ የየኒካፒ ተኬ ገና በአገልግሎት ላይ ሳለ የደረሰው ዜማ ከሡልጣን ሰሊም 3ኛ ጆሮ ደርሶ ቤተ መንግሥት ተጠራ፤ ዛሬ ከቱርክ ክላሲካል ሙዚቃ አባቶች ይቆጠራል። በ1799 ያረፈው ሸይኽ ጋሊብ በ1491 በኢስታንቡል የተመሠረተው የጋላታ ተኬ መሪ ነበር፤ «ውበትና ፍቅር» የተሰኘው ሥራውም የኦቶማን ሥነ ግጥም የመጨረሻ ታላቅ ሐውልት ነው። ቁም ጸሐፊዎች የመውላናን ስም በደርቪሽ ቆብ ቅርጽ ጻፉ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባግዳድ ውስጥ የሩሚን ሕይወት የሚተርኩ መጻሕፍት በሥዕል አጌጡ። ኢስታንቡል የኖረው ሠዓሊ ዣን ባፕቲስት ቫንሞርም የጋላታን ደርቪሾች በሰማዕ ላይ ሣላቸው፤ ሥዕሉ ዛሬ በአምስተርዳም ራይክስሙዝየም ይገኛል።

በ1925 የቱርክ ሪፐብሊክ ተኬዎችን ሁሉ በሕግ ዘጋ፤ ሸይኽና ደርቪሽ ተብሎ መጠራትም ተከለከለ። የኮንያው የመውላና መቃብርና ተኬ በ1927 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ሰማዕ እንደ ባህል ትርኢት በአደባባይ ተፈቀደ፤ ዩኔስኮም በ2005 አውጆ በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ዜማው፣ ልብሱና አዟዟሩ ከመጥፋት ድነዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን 1,001 ቀን ያገለገለ ሰው የሚወጣበት ማድቤት አልተመለሰም፤ ለቱሪስት ተብለው ያጠሩ ትርኢቶችም ሥርዓቱን ከትርጉሙ እየለዩት መሆኑን ዩኔስኮ ራሱ ጽፏል።

ይህ ታሪክ ለእኛም የሚነግረን አለው። የወሎ መንዙማ የሱፊዎች ልጅ ነው። እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ የትምህርትና የዝያራ ማዕከላት ዙሪያ ሸይኾች በአማርኛ እየገጠሙ በዐረብኛ ፊደል ጽፈውታል፤ በመውሊድና በሐድራ በድቤና በጭብጨባ ታጅቦ ከመምህር ወደ ደረሳ ተላልፏል። ዛሬ መንዙማ በስቱዲዮ ይቀረጻል፣ በስልክ ይደመጣል፤ ይህም መልካም ነው። ድምፁ ብቻ ተቀርጾ መምህሩና የመማሪያው ሥርዓት ከተረሱ ግን የሚቀረን ዜማው ብቻ ነው። ስለዚህ በቤተሰባችሁ ወይም በሰፈራችሁ መንዙማ የሚያውቁ አባት ወይም እናት ካሉ፣ ግጥሙን ብቻ አትቅረጹ፤ ከማን እንደተማሩት፣ ምን እያገለገሉ እንደተማሩት ጠይቃችሁ ጻፉ።