ጥርት ያለ ሰማይ፣ የሚቆረጥም ሌሊት፦ የጥቅምት ብርድና የከሰሉ ነገር

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። መስቀል ተከብሮ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ ብርዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተፍ ይላል። ቀን ላይ 22 ወይም 23 ዲግሪ የነበረችው አዲስ አበባ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ሌሊቷን ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ታወርዳለች፤ በአንዳንድ ሌሊት ከዚያም በታች። ደብረ ብርሃን አካባቢ ደግሞ ከዜሮ ወርዶ ሜዳው ውርጭ ለብሶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ለሰሜን አውሮፓ ሰው 8 ዲግሪ ብርድ ላይባል ይችላል። እዚያ ግን ቤቱ ማሞቂያ አለው፤ የእኛ ቤት የተሠራው «አገሩ ሞቃት ነው» ተብሎ ነው።

ግራ የሚያጋባው ምን መሰላችሁ? ፀሐይዋ በኅዳር ከሐምሌ የበለጠ ደማቅ ናት። ታዲያ ሌሊቱ ለምን ባሰበት?

መልሱ ያለው ደመናው ላይ ነው። መሬት፣ ጣሪያ፣ የእናንተ ፊትም ጭምር ሙቀታቸውን ኢንፍራሬድ በሚባል የማይታይ ጨረር መልክ ሳያቋርጡ ይረጫሉ። በክረምት ደመናውና አየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ይህን ጨረር ይቀበሉና ብዙውን መልሰው ወደ ታች ይልኩታል። ደመና የሌሊት ጋቢ ነው ማለት ይቻላል። ዝናቡ ሲያቆም ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይገባል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ጋቢው ይገፈፋል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከላይዋ የቀረው አየርም ስስ ነው። ስለዚህ ጥርት ባለ ሌሊት ሰማዩን፣ የጨረር ነገር ስናሰላ፣ ከአካባቢው አየር 20 ዲግሪ ያህል እንደቀዘቀዘ ትልቅ ጣሪያ እንቆጥረዋለን። ሙቀቱ ወደዚያ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ትንሽ ነው።

ካላመናችሁ ሞክሩት። ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ምሽት ሁለት ተመሳሳይ ሳህኖች ውሰዱና አንዱን ሜዳ ላይ፣ ሌላውን በረንዳ ወይም ዛፍ ሥር አሳድሩ። (የሚያብረቀርቅ ብረት አይሁን፤ እሱ ጨረር የሚረጨው በጣም ጥቂት ነው።) ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስታዩአቸው ሜዳ ያደረው በጤዛ ርሶ፣ የተከለለው ደረቅ ሆኖ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። በሁለቱም ዙሪያ ያለው አየር ያው ነው። ልዩነቱ አንደኛው ሰማይ ማየቱ ብቻ ነው። ቴርሞሜትሩ ገና ከዜሮ በላይ እያለ ማሳ ላይ ያለ ባቄላ በውርጭ የሚመታውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቅጠሉ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል።

አሁን ቤት እንግባ። ያረጀ ቆርቆሮ ጣሪያ ልክ እንደዚያ ሳህን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ወደ ሰማይ ሲረጭ ያድራል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ደግሞ ከበላዩ ያለውን ያንን ቀዝቃዛ ቆርቆሮ በቀጥታ «ያያል»፤ የራሱ ሙቀት ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ ሰማይ ይሄዳል። የድሮ ሰዎች የሚወጥሩት የአቡጀዲ ኮርኒስ በጣም ቀጭን ነገር ነው፤ ግን ጨረሩን መሃል ላይ ስለሚያቋርጥና በላዩ የቆመ አየር ስለሚይዝ ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል። በኢንጂነር ዓይን ሳየው በዋጋው የሚወዳደረው የለም። የብሎኬት ቤት ችግሩ ሌላ ነው፤ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ አንዴ ከቀዘቀዘ በቀላሉ አይሞቅም። ለዚህ ነው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ፀሐይ የሚሞቀው። የክፍሉ አየር 18 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ግድግዳው 14 ከሆነ ይበርዳችኋል፤ ሰውነታችሁ ከአየሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው ጋርም ሙቀት ይለዋወጣላ።

እንግዲህ ምን ይሻላል? የእኔ ምርጫ ክፍሉን ትቶ ሰውየውን ማሞቅ ነው። ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፤ አንድ የድሮ አምፖል ማለት ነው። ይህ ሙቀት እንዳያመልጥ ማድረግ አዲስ ሙቀት ከመፍጠር ይረክሳል። ጋቢ የሚያሞቀው አራት ድርብ ሆኖ በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ ከርጠበ ግን ያ አየር በውሃ ይተካና ጥቅሙ ይቀንሳል። ከላይ ብቻ መደረብም አይበቃም፤ ቀጭን ፍራሽ ላይ ከተኛችሁ ብርዱ ከሥር ይመጣል፣ ስለዚህ አንዱን ብርድ ልብስ ከሥር አንጥፉት። መጋረጃ ቀን ለፀሐይ ክፈቱ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ዝጉ። ሁለት ሊትር ሙቅ ውሃ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር ብታደርጉ ደግሞ ከ60 ወደ 35 ዲግሪ እስኪወርድ 210 ኪሎ ጁል ገደማ ይሰጣል፤ በአራት ሰዓት ብናካፍለው 15 ዋት ያህል፣ ያውም ብርድ ልብሱ ውስጥ። የፈላ ውሃ ግን ሃይላንድ ውስጥ አትገልብጡ፤ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ውሃው ያቃጥላችኋል። አጥንቱም ቢሆን ቀልድ አይደለም፤ ሰውነት ሥጋን ለመፍጨትና ለመጠቀም ሲሠራ ከሥጋው ፕሮቲን ኃይል ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቡና ተጠጥቶ አልቋል፣ ማንደጃው ላይ ፍም ቀርቷል፣ ውጭው ይቆረጥማል። አንድ ሰው «ጭሱ አልቋል፣ ቀልቷል፣ መኝታ ቤት አስገቡትና ያሙቅልን» ይላል። ሰው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ጭስ የሌለው ፍም ንጹሕ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ በጋለው ፍም መሃል ሲያልፍ ሌላ ካርቦን ያገኝና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም። አመድ ማልበስ እሳቱን ያዘገየዋል እንጂ ጋዙን አያጠፋውም። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም አያድንም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም።

በቁጥር እንየው። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ 200 ግራም ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሩብ ኪሎ ብቻ ቢቀር 50 ግራም ማለት ነው። ሦስት በሦስት የሆነ፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሲካፈል በሜትር ኩብ 2,200 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ያስቀመጠው ወሰን 35 ነው። «በሩ እኮ ክፍተት አለው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ዘጠኝ አሥረኛው ወጣ እንበል፤ የቀረው አሁንም ወሰኑን ከስድስት ጊዜ በላይ ያልፋል። ደግሞ ለብርዱ ብላችሁ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፋችሁት የለም? ብርዱ የሚገባበት ቀዳዳና ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ አንድ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ጥቂቱም ቦታውን ይነጥቃል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ራሱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ከመጀመሪያውም የምንስበው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው፤ ጉንፋን ይመስላል። የሚለየው ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ መታመማቸውና ደጅ ሲወጡ ቀለል ማለቱ ነው። የተኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ አያስተውልም፣ ከእንቅልፉም ላይነቃ ይችላል።

ክፍሉ ውስጥ ፍም ኖሮ ራሱን የሚያመው ሰው ካለ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ አውጡ፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ ከዚያ ደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ውስጥ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። «ትንሽ አየር ከወሰደ ይተወዋል» ብሎ ማስተኛት አይሆንም። በተራ አየር ደም ውስጥ የገባው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።