ለግድግዳ ሐረግ ሲመረጥ፦ ከአበባው በፊት አያያዙ

በካፋዋ ቦንጋ ያልተለሰነ ብሎኬት ወይም ልስኑ የተላላጠ የጭቃ ግድግዳ ሲያስጠላ ብዙ ሰው የሚጠይቀው የትኛው አበባ እንደሚያምር ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ተክሉ ምን ይዞ እንደሚወጣ ነው። ፓሽን ፍሩት ከቅጠሉ ብብት በሚያወጣው ቀጭን ጠምዛዛ ክር ያገኘውን ይጨብጣል። ጠምበለል ግንዱን ራሱን በድጋፉ ላይ ይጠመጥማል። ቡገንቪሊያ መጠምጠምም መለጠፍም አያውቅም፤ እሾሁን መንጠቆ አድርጎ ሌላው ላይ ይደገፋል። ስለዚህ ካልታሰረ ወደ መንገድ ይንጋደድና አላፊ አግዳሚውን ይቧጭራል፤ ከዚያ ተክሉ ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን ሽቦ ሳይዘረጋ የተከለው ሰው ነው። ከግንዳቸው ሥር እያወጡ ግድግዳውን ራሱን የሚይዙ ልጥፍ ሐረጎችም አሉ።

«ሐረግ ግድግዳ ያፈርሳል» የሚለው ስጋት ግማሽ እውነት የሚሆነው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ነው። ጭቃ ላይ ከተለጠፉ በኋላ ሲነቀሉ ልስኑን ይዘው ይመጣሉ፤ ካፋን በመሰለ ዝናባም አገር ደግሞ ግድግዳው እንዳይደርቅ አፍነው ይይዙታል። መፍትሔው ግን ግድግዳን ራቁቱን መተው አይደለም። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ በቋሚ እንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ላይ የሚወጣ ተክል ልስኑን አይነካም። በመሃል የሚያልፈው ነፋስ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ቅጠሉም ሙቀቱን ይከለክላል። «እባብ ይሰበስባል» ለሚሉ ደግሞ የታችኛውን ግማሽ ሜትር ከቅጠል አጽድቶ መያዝ ይረዳል።

በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ለተመዘገበው ለካፋ የባዮስፌር ክልል ነዋሪ፣ የጫካው ተክል ሁሉ ለግድግዳም ይስማማል ማለት ይቀናዋል። ኮረሪማና ጥምዝ ግን የካፋ ኩራት ቢሆኑም በዛፍ ጥላ ሥር የኖሩ ናቸው፤ የጋለ ግድግዳ ሥር ቢተከሉ ይጠወልጋሉ። ከጫካው መማር ያለብን የሐረጎቹን አኗኗር ነው፤ ሥራቸው ጥላና እርጥበት ውስጥ፣ ጫፋቸው ፀሐይ ላይ። ጠምበለል የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ አዘውትሮ የሚገኘው በጫካ ዳር በመሆኑ ፀሐዩን ይችላል፤ ሥሩ በጉዝጓዝ ከተሸፈነለት ሌላ ብዙ አይጠይቅም።

ፀሐዩም አቅጣጫ አለው። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በደረቁ ወራት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ያልፋል። ወደ ሰሜን የሚዞረው ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት ክረምት ነው። ስለዚህ በበጋ የሚጋገሩት የደቡብና የምዕራብ ግድግዳዎች ናቸው፤ ቡገንቪሊያም የሚያብበው በደረቅና በብርሃን ስለሆነ ቦታው እነዚህ ላይ ነው። ፍሬ የሚፈልግ ፓሽን ፍሩትን ይትከል፤ ሆኖም ዕድሜው አጭር ስለሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ መተካቱን ይወቅ።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የጣሪያው ጠፈጠፍ ነው። ክዳኑ ወጣ ካለ፣ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር በክረምትም ደረቅ ነው፤ ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶና ፍርስራሽ ደግሞ ሞልቶበታል። ችግኙን እዚያ ወሽቀው «አልጸደቀም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጉድጓዱ ከጠፈጠፉ አለፍ ብሎ ይቆፈር፣ ፍርስራሹ ወጥቶ ቀይ አፈርና ፍግ ይግባበት፣ ችግኙም ወደ ሽቦው አዘንብሎ ይተከል። ሽቦው ከችግኙ ቀድሞ ይወጠር፤ ሐረግ ካደገ በኋላ ከሥሩ ሽቦ መዘርጋት ተክሉን መስበር ነው።