የሐሞት ጠጠርና የባሕር ማዶ ሕክምና
ትኬት ከመቁረጥ በፊት መታወቅ ያለበት



ባለፈው ረመዳን እናታችን ካፈጠረች በኋላ ቀኝ ጎኗን ይዛ መቀመጥ አበዛች። ሳምቡሳ በቀመሰች ቁጥር ሕመሙ ከጎድን አጥንቷ ሥር ተነስቶ ወደ ትከሻዋ ይወጣል፤ ያስመልሳታልም። «ጨጓራ ነው» እያለች ቆየች። በአልትራሳውንድ ስትታይ ግን ሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘ። ያን ማታ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ታላቅ ወንድማችን «መሬቱን ሸጠን ባንኮክ እንውሰዳት» አለ። እሷም ዝም ብላ ቆይታ «ልጆቼ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ሐኪሙን ደህና አድርጋችሁ ጠይቁልኝ» አለችን። ከዚህ በታች የምታነቡት ጠይቀን የተረዳነውን ነው።

ሐሞት ከረጢት ምን ይሠራል?

ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነው። ከረጢቱ ከጉበት ሥር ሆኖ ያጠራቅመዋል፤ ቅባት ስንበላ ተኮማትሮ ወደ አንጀት ይለቀዋል። ጠጠር መውጫውን ሲዘጋው ሕመሙ ይነሳል። ከረጢቱ ቢወጣም ጉበት ሥራውን ስለሚቀጥል ሰው ያለ እርሱ መኖር ይችላል። በአጋጣሚ የተገኘና ምንም ስሜት የሌለው ጠጠር ግን ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ስለዚህ «የት እንሂድ?» ከማለት በፊት «መውጣት አለበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ወይስ ባሕር ማዶ?

ሐሞት ከረጢትን በቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ1882 እ.ኤ.አ. በበርሊን ካርል ላንገንቡክ ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ሆድ በሰፊው እየተከፈተ ይሠራ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤሪክ ሙሄ በትናንሽ ቀዳዳዎች መሣሪያ አስገብቶ አወጣው። ላፓራስኮፒ የሚባለው ይህ ዘዴ ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። በአገራችንም አዲስ አበባ ውስጥ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች፣ በግል ሆስፒታሎችም ይሠራል። ወረፋው የረዘመበት፣ ተደራቢ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ልጆቹ ውጭ የሚኖሩ ሰው ግን መሄድን ሊመርጥ ይችላል።

የሚሄድ ሰው ምን ያዘጋጅ?

የተነገረው ዋጋ ምን ምን እንደሚያጠቃልል በጽሑፍ ይቀበል። በቀዳዳ የተጀመረው ሥራ አንዳንዴ ለታካሚው ደኅንነት ሲባል ወደ ሰፊ ቀዶ ሊለወጥ ስለሚችል ያኔ የአልጋውና የሐኪሙ ሒሳብ ስንት እንደሚሆን ይጠይቅ። ለሕክምናና ለአስታማሚ የተለየ ቪዛ የሚጠይቅ አገር ስላለ አስቀድሞ ያጣራ። የአልትራሳውንድና የደም ውጤቱን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዝ። የስኳር በሽተኛ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሳይጠየቅ ይናገር።

የማይጠበቅበት ጊዜ

ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የማያቋርጥ ሕመም ካለ ቪዛ መጠበቅ አደጋ ነው። ታማሚው ባለበት ከተማ ወዳለው ቅርብ ሆስፒታል ወዲያው ይወሰድ።

የመልስ ጉዞ

አውሮፕላን ከፍ ሲል በሆድ ውስጥ ያለ አየር ይሰፋል። ስለዚህ በቀዳዳ ከተሠራ በጥቅሉ ከ4 እስከ 5 ቀን፣ በሰፊው ከተከፈተ ደግሞ 10 ቀን ያህል ሳያልፍ መብረር አይመከርም፤ የመጨረሻው ፈቃድ የቀዶ ሐኪሙ ነው። ረጅም መቀመጥ በእግር ሥር ደም ሊያረጋ ስለሚችል በየጊዜው እየተነሱ መራመድ፣ ውኃም መጠጣት ይበጃል። ለዘመድ የተገዛውን ሻንጣ ሌላ ሰው ይሸከመው። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ሳይዙ አይመለሱ። ቤት ከገቡ በኋላ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫነት ወይም የሽንት መጥቆር ከታየ የሐሞት ቱቦ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ጊዜው ረመዳን ከሆነ ለታማሚና ለመንገደኛ ጾሙን በኋላ መክፈል የተፈቀደ ስለሆነ ራስን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

እናታችን በመጨረሻ እዚሁ አዲስ አበባ በአራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ታክማ በማግስቱ ቤቷ ገባች፤ አልሐምዱሊላህ። መሬቱም አልተሸጠም። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።