የካሴቱ ጅራት

ሮብ ገበያ፣ ስሟ እንደሚነግራችሁ፣ ሰው የሚጎርፍባት ረቡዕ ነው። በሌላው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጠው የተበጠሰ ቻርጀርና ድምፁ የተዘጋ ሬዲዮ ነው። ረቡዕ ግን ከጮቄ ግርጌ ድንቹንና ገብሱን ይዞ የመጣው ሰው ሸጦ ሲጨርስ ከጉያው ካሴት ያወጣል። «ወደ ሚሞሪ ገልብጥልኝ» ይለኛል። የታወቀ ዘፈን ከሆነ ብዙ አልጨነቅም፣ ሌላ ቦታ ይገኛል። ሠርግ ወይም ውጭ አገር ላለ ዘመድ የተቀዳ የድምፅ ደብዳቤ ከሆነ ግን እጄ ይከብደኛል። በዓለም ላይ ያለው ያ አንዱ ብቻ ነውና።

ባለፈው ወር አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ሰጡኝ። «ልጄ፣ የሟች ባለቤቴ ድምፅ አለበት። አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ» አሉኝ። የጎጆ ጢስ ፕላስቲኩን አጥቁሮታል፤ ክሩም ጠርዝ ጠርዙን ነጭ ሻጋታ ይዞታል። የደጋ እርጥበት እንዲህ ነው የሚያደርገው። እንዲሁ ቴፕ ውስጥ ቢከቱት ሻጋታው ድምፁን የሚያነበውን ሄድ ይደፍነዋል፣ ክሩም ተጣብቆ ይበጠሳል። ደጅ ወጥቼ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ብሎኖቹን ፈታሁ። ክሩን ወደ ሌላ ካሴት ቅርፊት አዛወርኩና በእስክርብቶ እያዞርኩ፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መሐል እያሳለፍኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረግሁት። የክሩ ወርድ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ርዝመቱ ግን ወደ 90 ሜትር ይጠጋል። ግማሽ ቀን ወሰደብኝ።

ከዚያ ሄዱን በአልኮል አጽድቼ አጫወትኩት። ሠርግ ነው፤ መሰንቆ፣ እልልታ፣ አዝማሪውን ግጥም እያቀበለ የሚስቅ ሰው። ሁለተኛው ገጽ ሊያልቅ ሲል አዝማሪው ሽልማቱን ተቀብሎ፣ መርቆ ሲሄድ ይሰማል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ቴፕ ግን ያጠፋው ሰው የለም። ወንበር ይጎተታል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ከዚያ አንድ ወንድ ጠጋ ብሎ «ድንጋዩ አላለቀም እንዴ?» ይላል። የሚመልስለት የለም። ለራሱ ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል፤ ዜማው ግማሽ ሳይደርስ ክሩ አለቀ።

ይህን የመጨረሻውን ክፍል ጅራት እለዋለሁ። ሥራ ስጀምር ጅራት እቆርጥ ነበር። ደንበኛው የሚፈልገው ዘፈኑን ነው፣ ጫጫታው ምን ያደርግለታል ብዬ። አንድ ሰው የቤተሰቡን ካሴት ካስገለበጠኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። «መጨረሻው ላይ እናቴ ስማችንን በየተራ እየጠራች ትመርቀን ነበር። የት ሄደች?» አለኝ። ካሴቱን «ላንተ ይሁን» ብሎ ትቶልኝ ስለነበር ሌላ ነገር ቀድቼበታለሁ። ቴፕ ሲቀዳ ክሩ መጀመሪያ የሚያልፈው በአጥፊው ሄድ በኩል ነው፤ የነበረው ድምፅ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው መቅጃው ሄድ አዲሱን የሚያሰፍረው። ይህን ስነግረው አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። የዚያ ሰው ፊት ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሰፈራችን ልጅ አለ። ለእረፍት ሲመጣ ስልኩን ይዞ እኔ ዘንድ ነው የሚውለው፤ የሚወደውም ሄቪ ሜታል ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይስሟት» አለኝ። አይረን ሜይደን የሚባሉት እንግሊዛውያን ገና ስም ሳይኖራቸው የቀዷት ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ ካምብሪጅ ውስጥ ስፔስዋርድ በተባለ ስቱዲዮ በሁለት ቀን አራት ዘፈን ቀዱ። ዋናውን ቴፕ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ቅጂ ብቻ ይዘው ወጡ። ኋላ ሲመለሱ ዋናው ተደምስሷል። በ1979 ከዚያው ቅጂ ሦስቱን «ዘ ሳውንድሃውስ ቴፕስ» ብለው በትንሽ ሸክላ፣ በ5,000 ቅጂ አወጡ። አራተኛዋን፣ «ስትሬንጅ ወርልድ»ን፣ በአቀዳዷ ስላልረኩ አስቀሯት፤ በመጀመሪያው ትልቅ አልበማቸው ላይ እንደገና ቀድተው አወጧት።

ጊታሩ መጀመሪያ ለጆሮዬ ከበደው። ሁለተኛ ስሰማው ግን ጥድፊያቸውን ሰማሁት፤ ሰዓቱ እየሄደባቸው፣ ኪሳቸው ባዶ ሆኖ ነው የተጫወቱት። ልጁ የሚቆጨው ለጠፋው ቴፕ ነው። እኔ ያሰብኩት ቴፑን የደመሰሰውን ባለሙያ ነው። ቴፕ ውድ ነው፣ ባለቤቶቹ አልተመለሱም፣ ሌላ ሥራ በር ላይ ቆሟል። እኔም ያን ጊዜ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

በእኛ አገርም በሸክላ ዘመን ለጅራት ቦታው ጠባብ ነበር። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተሟቸው ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ነው የሚይዙት። ካሴት ሲመጣ ነው ለማንም ሰው ትርፍ ቦታ የተገኘው፤ ዘፋኝ ያልሆነውም ቤቱ ቁጭ ብሎ መቅዳት ቻለ።

መነኩሲቷን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፒያኖ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ግን አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ ከፒያኖው ጋር በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ እየዘመሩ ወደ ካሴት ቀድተዋል። አብዮት ነው፤ ዘመድ የሚሰደድበት፣ የሚታሰርበት ጊዜ ነው። እማሆይ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። እነዚያ ቅጂዎች ሚሲሲፒ ሪከርድስ በተባለ አሳታሚ በኩል «ሱቬኒርስ» ተብለው በሸክላ የወጡት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። ልጁ ስልኩ ላይ ነበረውና በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ። የፒያኖው ወንበር ሲጥ ይላል። የመቅጃውን ቁልፍ ሲጫኑ የጣታቸው ዱብታ ሳይቀር አለ። ያን ቁልፍ እኔ አውቀዋለሁ፤ ጠጣር ነው፣ በሁለት ጣት ነው የሚጫኑት፣ ጠረጴዛውን ይነቀንቃል። ከአሳታሚዎቹ አንዱ ይህን ቆርጦ ቢጥለው ኖሮ መነኩሲቷ ብቻቸውን ተነስተው፣ ቁልፉን ተጭነው፣ ተመልሰው ፒያኖው ጋ መቀመጣቸውን ማን ያውቅ ነበር? ላልቆረጠው እጅ ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

የሠርጉን ካሴት የሰጡኝ እናት በቀጣዩ ረቡዕ መጡ። ሠርጉን አስጀመርኩላቸው፤ ፈገግ ብለው የሙሽሮቹን ስም ነገሩኝ። ከዚያ «መጨረሻው ላይ ትንሽ ነገር አለ፣ እማማ» ብዬ ጅራቱን አስከተልኩ። ወንበሩ ተጎተተ፣ ውሻው ጮኸ። «ድንጋዩ አላለቀም እንዴ?» አለ ሰውየው።

«አላለቀም» አሉ እናትየዋ፣ ዓይናቸውን ከድምፅ ማጉያው ሳይነቅሉ።

እንጉርጉሮው እስኪቆም ጠበቅን። ሚሞሪውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ካሴቱን ከመመለሴ በፊት በብሎን መፍቻ ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለቱን ጥርሶች ሰበርኩ።

«ምኑን ነው የሰበርኸው ልጄ?» አሉኝ ደንግጠው።

«ከእንግዲህ ማንም እንዳይቀዳበት ነው፣ እማማ።»