ገንዳ መሬት አይደለም
በሕንፃዎች ደጃፍ በትልልቅ ገንዳዎች ስለ መትከል



በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ወዲህ፣ በሱቅ፣ በባንክና በሆቴል ደጃፍ አበባና ዛፍ የተተከለባቸውን ትልልቅ ገንዳዎች ማየት እየተለመደ መጥቷል። ነጋዴው «ፖት» ይለዋል፤ ከሲሚንቶ፣ ከሸክላ፣ ከእንጨት ወይም ከተቆረጠ በርሜል ይሠራል። አስፋልት ወይም እብነ በረድ በተነጠፈበት፣ ቆፍሮ መትከል በማይቻልበት ሥፍራ አረንጓዴ ነገር ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ለአንዳንድ ማኅበራትም የእንጀራ ምንጭ ሆኗል፤ ይኸውም ገንዳውን አዘጋጅተው ከተከሉ በኋላ በየወሩ እየተከፈላቸው ስለሚንከባከቡት ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኛም እንደዚያ መስሎን ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናካፍላችሁ ከስሕተታችን የተማርነውን ነው።

ስሕተቱ የማን ነበር?

ከምንረዳቸው መካከል አንድ የእናቶች ማኅበር በአንድ የንግድ ሕንፃ ደጃፍ ገንዳዎችን ለመትከልና ለመንከባከብ ተዋውሎ ነበር። ሥራው በግንቦት ተጀመረ፤ ያየው ሁሉ ወደደው። በሐምሌ መጨረሻ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀንበጡም ጠወለገ። የሕንፃው ኀላፊ «ውኃ ጠምቶት ነው፤ በደንብ አጠጡት እንጂ!» አሉ። እናቶቹም ታዘዙ፤ በዚያ ሁሉ ዝናብ ላይ ውኃ ጨመሩ። ነሐሴ ሳይጋመስ ከተክሉ እኩሌታ በላይ ሞተ። ኀላፊውም ውሉን ሊያፈርሱ መሆኑን አስታወቁ።

ሄደን አንዱን ገንዳ ገለበጥነው። ከሥሩ የወጣው ጭቃ እንደ ረግረግ ይሸታል፤ የተክሉ ሥርም ጠቁሮ በስብሷል። ገንዳው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ እርሱም በእብነ በረዱ ላይ በቀጥታ ስለ ተቀመጠ ተደፍኗል። አፈሩ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ ነው። ከአፈሩ በታች ደግሞ አንድ ስንዝር የሚያህል ጠጠር ተነጥፏል። ጠጠሩን እንዲያነጥፉ ያስተማርናቸው እኛው ነበርን።

ውኃው ለምን አልወረደም?

በገንዳ ግርጌ ጠጠር ቢነጠፍ ውኃ ቶሎ ይወርዳል የሚለው አሳብ የቆየ ነው፤ ሲሰሙትም እውነት ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደቃቅ አፈር ውኃን ስቦ ይይዛል። የታችኛው አፈር ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ ድረስ ውኃውን ለጠጠሩ አይለቅም። ስለዚህ በማንኛውም ገንዳ ግርጌ ውኃ የጠገበ አፈር ይኖራል፤ የዚህም ውፍረት የሚወሰነው በአፈሩ ድቀት እንጂ በገንዳው ጥልቀት አይደለም። ጠጠር ስናነጥፍ ያንኑ ጭቃ ከፍ አድርገን ወደ ሥሩ እናቀርበዋለን ማለት ነው።

ይህን በቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አግድም በጠፍጣፋው ያዙት፤ ጠብታው እስኪቆምም ጠብቁ። ከዚያ ሳትጨምቁት በቁመቱ አቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። ስፖንጁም ውኃውም ያው ነው፤ ልዩነቱ ቁመቱ ብቻ ነው። በገንዳም የአፈሩ ቁመት በጨመረ ቁጥር ከላይ አየር የሚያገኘው ክፍል ይበዛል። ጠጠር ግን የአፈሩን ቁመት ይቀንሳል።

የተክል ሥር አየር ይፈልጋል። አየር ያጣ ሥር ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ በውኃ ተከቦ ሳለ ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። የሕንፃውን ኀላፊ ያሳሳታቸው ይህ ነው። ቅጠል ጠውልጎ ስታዩ ውኃ ከማንሣታችሁ በፊት ጣታችሁን ወይም ቀጭን እንጨት ወደ አፈሩ አስገቡ። እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ችግሩ ጥማት አይደለም።

አሁን የምንሠራው እንዴት ነው?

1ኛ/ ቀዳዳ፦ በእያንዳንዱ ገንዳ ግርጌ ጣት የሚያስገቡ በርከት ያሉ ቀዳዳዎች እናወጣለን። አፈሩ እንዳይፈስ ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ወይም በገል እንሸፍናለን። ገንዳውንም በጡብ ቁራጭ ላይ አስቀምጠን ከወለሉ ከፍ እናደርገዋለን።

2ኛ/ አፈር፦ መረሬ አፈር በሜዳ ላይ ለጤፍ መልካም ነው፤ በገንዳ ውስጥ ግን ይታፈናል። እኛ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 2 እጅ ቀይ አሽ ወይም ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበትን ፑሚስ የተባለ ቀላል ድንጋይ፣ 1 እጅ ደግሞ በሚገባ የበሰለ ብስባሽ እንቀላቅላለን። ድንጋዩ የሚገባው ከግርጌ ተለይቶ ሳይሆን ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ ነው። ብስባሽ በጊዜ ብዛት ስለሚሟሟ አፈሩ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከላይ እንጨምራለን።

3ኛ/ ክብደት፦ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱና ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ገንዳ፣ እርጥብ አፈር ሲሞላ ወደ 5 ኩንታል ይጠጋል። መሬት ላይ ምንም አይደለም፤ ሰገነት ላይ ግን አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዳ ወደ ፎቅ ከመውጣቱ በፊት መሐንዲስ ይጠየቅ። በርሜል ስትመርጡ ደግሞ የፀረ ተባይ መርዝ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን፣ ታጥቧል ቢባል እንኳ፣ አትቀበሉ።

4ኛ/ ተክል፦ ሬት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጄራኒየምና ቡገንቪል የበጋውን ፀሐይ ይችላሉ። ወይራም በትልቅ ገንዳ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ባሕር ዛፍን የመሰለ በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ግን ለገንዳ አይሆንም። ኦሊያንደር የተባለው አበባ ያማረ ቢሆንም ከቅጠሉ እስከ ግንዱ መርዝ ስለሆነ ሕፃናት በሚውሉበት ደጃፍ አይተከል። የቅንጭብ ወተትም ዓይን ይጎዳል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር እንንገራችሁ፤ የደቡብ ወገኖቻችን የሚመገቡት እንሰት በአውሮፓ ለውበት ሲባል በትልቅ ገንዳ ይተከላል። ብርዱ እንዳይገድለውም ክረምት ሲገባ ወደ ቤት ያስገቡታል። እኛ በደጃችን ያለውን ሳናስተውል ሌላው አክብሮ ይይዘዋል።

5ኛ/ ውኃ፦ በገንዳ ያለ ሥር እንደ ሜዳ ተክል ርቆ ሄዶ ውኃ መፈለግ አይችልም፤ ያለው ያው የሰጣችሁት ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ አፈሩን በየቀኑ መመልከት ያሻል። ስታጠጡ ከታች እስኪወጣ ድረስ አጠጡ፤ ላዩን ብቻ ማርጠብ ሥሩን አይደርስም፣ ጨውም በአፈሩ ውስጥ ያከማቻል። አንድ ትልቅ ገንዳ ከብዙ ትንንሽ ጣሳዎች ይሻላል፤ ቶሎ አይደርቅምና። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ ሳለ አበባ ማጠጣት ያሳፍራል። ስለዚህ የአትክልት ማጠቢያ ውኃ እናስቀምጣለን፤ የዝናብ ውኃም እናጠራቅማለን። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውኃ ነውና፣ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 1,000 ሊትር ሊሰጥ ይችላል።

ከዚህ ሌላ ገንዳ ስታስቀምጡ መንገደኛን አስቡ። ዓይነ ስውሩ በበትሩ፣ አካል ጉዳተኛው በተሽከርካሪ ወንበሩ የሚያልፍበትን ቦታ የዘጋ ገንዳ የቱንም ያህል ቢያብብ ደጅ አላሳመረም።

እናቶቹስ ምን ሆኑ?

ለሕንፃው ኀላፊ ጥፋቱ የእናቶቹ ሳይሆን የእኛ ትምህርት መሆኑን ነገርናቸው፤ አንድ ገንዳ ገልብጠንም አሳየናቸው። ገንዳዎቹ እንደ አዲስ እስኪዘጋጁ ድረስ ክፍያ እንዲቋረጥ፣ ውሉ ግን እንዳይፈርስ ተስማሙ። የሞተውን ችግኝ ዋጋ ከእናቶቹ ቁጠባ አልወሰድንም፤ ከእኛ ሥራ ማስኬጃ ከፈልን። የተዋጣው የእናንተ ገንዘብ ስለሆነ ይህን ልናሳውቃችሁ ይገባል። እናቶቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል፤ ከመካከላቸው የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ከጎረቤት የተበደረች ነበረች። በሚቀጥለው ክረምት ተክሉ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ውሉም ታደሰ።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ በጀት ስታወጡ የገንዳውንና የችግኙን ዋጋ ብቻ አትጻፉ፤ በየቀኑ አፈሩን የሚነካውን ሰው ደመወዝም ጻፉ። ምእመናንም ለክሊኒክ ወይም ለእንግዳ ማረፊያ ገንዳ በስጦታ ስታበረክቱ ማን እንደሚያጠጣው አስቀድማችሁ ጠይቁ። መሬት ላይ የተተከለውን ዝናቡና አፈሩ ያግዙታል፤ በገንዳ የተተከለው ግን ሙሉ በሙሉ በተከለው ሰው እጅ ነው።