«ቋ!» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል?

የአንድ ስፖርት መኪና ነጂ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ መልሶ ሲረግጥ፣ ከኋላ በኩል «ቋ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ፈጣን ነው፤ «ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ይውረድ!» ይባላል። እኛ ግን መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ፊዚክስ ቢታከልበት ገንዘብ ይቆጥባል፣ አንዳንዴም ሕይወት ያተርፋል እንላለን።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ የተሠራውን ኤም.ጂ.ቢ. እንውሰድ። ኃይሉ ከሞተር ተነሥቶ በካምቢዮ፣ በረጅሙ ዘንግና በዲፈረንሻል አልፎ ከኋላ ጎማዎች ይደርሳል፤ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ያየ ሁሉ አሠራሩን ያውቀዋል።

በተጠላለፉ ጥርሶች መካከል ምንጊዜም ትንሽ ክፍተት አለ። መኖሩም ግድ ነው፤ ያለ እርሱ ዘይት አይገባም፣ ብረቱም በሙቀት ሲለጠጥ ይነካከሳል። ችግሩ የሚጀምረው ክፍተቱ ሲሰፋ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ዘንጉ ያንን ባዶ ጉዞ ያለ ጭነት እየፈጠነ ያቋርጥና ከቆመው ጥርስ ጋር ይጋጫል። ሰበቃን ከተውነው፣ የግጭቱ ኢነርጂ የቶርኩና የባዶው ጉዞ አንግል ብዜት ነው። በዘንጉ ላይ 50 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ 10 ዲግሪ (0.175 ራዲያን) ባዶ ጉዞ ቢኖር 8.7 ጁል ያህል እናገኛለን። ይህ 1 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ89 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚያሳርፈው ምት ጋር እኩል ነው! ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ምቱም እጥፍ ይሆናል።

ቦታውን በጆሮ ለመለየት መሞከር ግን ያሳስታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ በብረት ዘንግ ውስጥ 5,000 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ግራ ጫፍ የተመታ አክስል ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ ሁለንተናው ይጮኻል። ከጆሮ ይልቅ የእጅ ሰዓት ይሻላል። የዚህ መኪና ዘንግ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 3.9 ጊዜ ይዞራል፤ የጎማው ዙሪያም 1.9 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል እየተነዳ ድምፁ በሰከንድ አንድ ጊዜ ከተደጋገመ ተጠርጣሪው ጎማው ወይም እምብርቱ ነው፤ አራት ጊዜ ያህል ከሆነ ዘንጉ ወይም ክሮቼራው ነው። ጉድጓድ ሲያልፍ ብቻ ከመጣ ደግሞ የባሌስትራውን ጎሚኒዎች እንይ።

ድምፁ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ወደ ክፍተቱ እንመለሳለን። የፊት ጎማዎች በታኮ ይያዙ፤ የኋላው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም።

በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ስበን ጎማውን ወዲያና ወዲህ እንሞክረው። የፍሬኑ ታምቡር ቆሞ ጎማው ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠረው ጎማ በእምብርቱ ላይ የሚያርፍባቸው ጥርሶች ተበልተዋል ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎማውን የሚያዞረውም ሆነ የሚያቆመው ኃይል በእነዚሁ ጥርሶች ያልፋልና፣ ጨርሰው ከተላጡ ጎማው በእምብርቱ ላይ በነፃ ይሽከረከራል፤ የእግሩም ሆነ የእጁ ፍሬን ያንን ጎማ አይዘውም። እንዲህ ያለው መኪና ከዚያው መነሣት የለበትም።

ጎማው ካልተንቀሳቀሰ፣ ፍሬኑ እንደተሳበ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገን ዘንጉን በእጅ እንወዝውዘው። የክሮቼራው ሁለት ጎኖች እኩል ካልሄዱ ጥፋተኛው ተገኝቷል። እኩል ከሄዱ ፍሬኑን ለቀን ማርሽ እናስገባና አንዱን ጎማ እናዙር፤ ሌላኛው በተቃራኒው አቅጣጫ መከተል አለበት። ከመከተሉ በፊት ረጅም ባዶ ጉዞ ካለ፣ በዲፈረንሻሉ ሆድ ውስጥ ከትናንሾቹ ጥርሶች ጀርባ የተቀመጡት ስስ ሮንዴላዎች ሳይሳሱ አልቀሩም።

በዚህ መኪና የታወቀው የድምፅ ምንጭም ይኸው ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ሞዴሎች ላይ የኋላው ክዳን ተከፍቶ፣ ግማሽ ዘንጎቹ ተስበው ከወጡ በኋላ ሮንዴላዎቹ አክስሉ ከመኪናው ሳይወርድ ይለወጣሉ፤ ትልቁን ጥርስና አጋሩን መንካት አያስፈልግም። ክዳኑ ሲመለስ አዲስ ዘይት ይሞላል።