ድብርት አካልንም ይጎዳል

ፈተና ሲከብደን ወይም የክረምቱ ጭጋግ ሲያሰለቸን «ደበረኝ» እንላለን። ይህ ስሜት ውሎ አድሮ ይለቃል። በሽታ የሆነው ድብርት ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሳል፤ ጉልበት ያሳጣል።

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ በማህበራዊ ሥራ ባለሙያነት ስሠራ «ድብርት ይዞኛል» ብሎ የሚመጣ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። የምሰማው «ራሴን ይከብደኛል፣ ልቤን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴ ዛለ» የሚል ነው። ሰውየው የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ ድብርቱ ሳይታይ ይቀራል። የተገላቢጦሹም አለ። ድብርት እንዳለበት የታወቀ ሰው ሲያስልና ሲከሳ «ከጭንቀቱ ነው» ይባልና የሳንባ ነቀርሳው ሳይመረመር ይከርማል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ፣ ከባድ ድብርትን ጨምሮ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለ10 ዓመት ተጠንተው ነበር። በ2007 ዓ.ም. የታተመው ውጤት፣ የሞቱት ሰዎች ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳጡ አሳይቷል። ዋናው የሞት ምክንያትም ተላላፊ በሽታ ነበር።

ኤችአይቪ በደሙ ላለ ወገናችን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። በየቀኑ ካልተዋጠ ግን ቫይረሱ ይባዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። ድብርት የያዘው ሰው ከአልጋው መነሳት እንኳ ያቅተዋል። ከራቀ ቀበሌ ተነስቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ለመኪና ከፍሎ ሕክምና መሄድማ እንዴት ይሆንለታል?

ከገጠር መጥተው ደባርቅና ዳባት ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆችን አስቡ። ስንቃቸው ሳይነካ መክረሙን የሚያይ እናት አጠገባቸው የለም። የሚያየው አብሮ አደራቸው ተማሪ ነው፤ ማለትም እናንተ ናችሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? «ሰነፍ ነው» ከማለት «ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» እንበል። ለባለሙያው ሳሉንም እንቅልፍ ማጣቱንም፣ ሁለቱንም እንዲነግር እናበረታታው። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረዋል። «መኖር አልፈልግም» ያለ ጓደኛ ካለ ግን ምስጢር ነው ብለን አንደብቅ። ብቻውን ሳንተወው ለምናምነው አዋቂ ነግረን በዚያው ቀን ሕክምና እናድርሰው።

ድብርት ይታከማል። ቸር ይግጠመን!